የአንድ ወቅት ታንኳ

ሰውየው ገመዱን ከመሳቡ በፊት ጉልበቱን ያስቀድማል። ቀኝ ጉልበቱን የደንገሉ እስር ላይ ያሳርፍና ክብደቱን ቀስ እያለ ይለቅበታል። ደንገሉ ሲጨመቅ ይተነፍሳል፤ ድምፁ የጭድ ክምር ላይ ሰው ሲቀመጥበት የሚሰማው ዓይነት ነው። እጁ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። ገመዱን አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይስባል፣ አረፍ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ግማሽ ያህል ይጨምርለታል። ያቺን ግማሿን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። እስሩ ምን ያህል እንደጠበቀ የሚነግረው ጣቱ ነውና ዓይኑን አያስፈልገውም።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ አንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጬ ያየሁት ይህንኑ ነው። ጉልበት፣ ትንፋሽ፣ ስበት፣ ግማሽ ስበት። መንገደኛ ቆሞ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። እኔን ያስቀረኝ ጉልበቱ ነው። ያንን ጉልበት አውቀው ነበር።

አገሬ ቢዮ አዋሌ ነው፤ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለ የገጠር አካባቢ። «ቢዮ» በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። ስማችን ውሃ ይሁን እንጂ ወንዛችን የዓመቱን አብዛኛውን ወር አሸዋ ሆኖ ነው የሚከርመው። ፍየል ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሴቶች አሸዋውን በእጃቸው ጭረው የጠለለ ውሃ ይቀዱበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ደግሞ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከላይ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የውሃ ድምፅ ሲመጣ ቶሎ ከፍ ያለ ቦታ የሚፈልግ ዓይን ነው ያለኝ። ጀልባ የሚባል ነገር ግን አገራችን የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ያለን ማሽላ ነው። አያቴ፣ እኛ «አካኮ» የምንለው፣ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ አገዳውን ለከብት ሲያስር እስሩ ላይ ይንበረከክና በጉልበቱ ያፍነው ነበር። አህያ ላይ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ የሚፈታ እስር ለእሱ የአሳሪው ነውር ነው። ያን ጊዜ እኔ ገመዱን የምይዝ ልጅ ነበርኩ። አገዳው ውስጥ ያለው አየር መውጣት አለበት፤ አየሩ ያልወጣለት እስር መንገድ ላይ ራሱ ያወጣዋል፣ ይላላል፣ ይበተናል። ይህን ያስተማረኝ በቃል አይደለም። እጄን ከገመዱ ሥር አስገብቶ ጉልበቱን ሲጥልበት ጣቴ ሊቆረጥ ደርሶ ነው የገባኝ።

ስለ ጀልባ መጀመሪያ የሰማሁት ደግሞ ከቻይናዊ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ሲሠራ፣ በ2009 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት፣ ድሬዳዋ አካባቢ በቀን ሥራ ነበርኩ። አብሮኝ የሚውለው ሰው ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ ነው። እሱ ጥቂት አማርኛና ጥቂት ኦሮምኛ፣ እኔ ጥቂት ቻይንኛ፣ የቀረው በእጅ ነበር የምንግባባው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ረጅም ቀጭን ጀልባ፣ ፊቷ ላይ የዘንዶ ራስ፣ ጅራቷ ላይ የዘንዶ ጅራት፣ መሐሏ ሁለት ሁለት ሆነው የተደረደሩ ሰዎች፣ ከበሮ። «ይሄ እኔ» ብሎ ከሰዎቹ መካከል አንዱን ጀርባ በጣቱ ነካ።

የዘንዶ ጀልባ ውድድር በቻይና አቆጣጠር በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን በሚከበር በዓል ላይ የሚደረግ ነው። ቻይናውያን ታሪኩን ራሱን ወንዝ ውስጥ ከጣለው ከጥንቱ ባለቅኔ ከቹ ዩዋን ጋር ያያይዙታል፤ ሕዝቡ ሊያድነው በጀልባ የሮጠበት ቀን ነው ይላሉ። በ1976 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ላይ የውጭ አገር ቡድኖች የተጋበዙበት ውድድር ከተደረገ በኋላ ግን ስፖርቱ ዓለምን አዳረሰ። በ1991 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተቋቋመለት። ዛሬ የመወዳደሪያዋ ጀልባ ልክ የታወቀ ነው። ርዝመቷ 12 ሜትር ከ49 ሳንቲ ሜትር፣ በአሥር መቀመጫ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቀመጡ 20 ቀዛፊዎች፣ ከፊት አንድ ከበሮ መቺ፣ ከኋላ ቆሞ የሚመራ አንድ ሰው።

ጓደኛዬ ግን ስለዚያች ልከኛ ጀልባ ብዙ ግድ አልነበረውም። የእሱ ልብ ያለው የመንደሩ ጀልባ ላይ ነው። ከ30 ሜትር በላይ የምትረዝም፣ ከከባድ እንጨት የተሠራች፣ አያቱም የቀዘፉባት። ቡድናቸው ውስጥ ደመወዝ የሚከፈለው የለም። ዓሣ አርቢ አለ፣ ሹፌር አለ፣ ባለ ሱቅ አለ፤ ቀን ሁሉም ሥራው ላይ ይውልና ማታ ማታ ወንዝ ዳር ይገናኛል። በዓሉ ሲያልቅ መንደሩ በሙሉ ትልቅ ጠረጴዛ ዘርግቶ አብሮ ይበላል። እዚህ ላይ ሲደርስ እጁን ወደ አፉ እያመላለሰ ሆዱን ይመታ ነበር፤ ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ሆኖ የናፈቀው እሱን ነው።

አንድ ቀን ደግሞ አካፋ ሰጠኝ። ብረቱን ወደ ታች አድርጎ፣ የተደረደረ የሐዲድ ኮንክሪት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቀዘፋ አስተማረኝ። የላይኛው እጅ ግንባር ትይዩ፣ የታችኛው ዝቅ ብሎ። ወገብ ወደ ፊት ይዞራል፣ ትከሻ ይዘረጋል፣ መቅዘፊያው ይገባል፣ ከዚያ ጀርባ ይመለሳል። ክንዴን አጥፌ ስስብ ክርኔን በጥፊ ይመታኝ ነበር። የሚጎትተው ጀርባ ነው፣ ክንድ መንጠቆ ብቻ ነው፤ ይህንን ለማስረዳት ሦስት ቀን ፈጀበት። ቀጥሎ ያስተማረኝ ደግሞ ማየትን ነው። ከፊት ያለውን ሰው ጀርባ አይደለም የምታየው፤ ዓይንህ ዘለል ብሎ በሌላው ጎን፣ ከፊት ያለችው መቅዘፊያ ላይ ያርፋል። ሃያው ሰው እንዲህ ሲያይ እይታው ጀልባዋ ውስጥ እንደ ስፌት ይሰላለፋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። የከበሮውም ነገር አስገርሞኛል። ከበሮው ቀዛፊውን የሚነዳ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። የእነሱ ከበሮ መቺ ፊት ያሉትን ሁለት ቀዛፊዎች አይቶ ነው የሚመታው። ምቱን የሚያወጡት እነዚያ ሁለቱ ናቸው፤ እሱ የእነሱን ትንፋሽ ለኋላዎቹ ያደርስላቸዋል።

ቪዲዮውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደግሞ አሰማኝ። ሃያ መቅዘፊያ አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ሲገባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ጩብ። ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ ጩብ። አንዷ ዘግይታ ከገባች «ጩ–ጩብ» ይላል። ያን ጊዜ ፊቱን አጨማደደ፣ ወጥ ውስጥ ጠጠር እንዳገኘ ሰው። እጅ ሥራን የሚወድ ሰው ያኔ ታወቀኝ። ቡድኑ ማሸነፍ አለማሸነፉን አንድም ቀን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ስለ ጀልባዋ አኗኗር የነገረኝ ነገር ግን ዓመታት አልፈውም ከልቤ አልወጣም። በዓሉ ሲያልቅ ጀልባዋን ይቀብሯታል። ወንዝ ውስጥ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ ሲቃረብ ወርደው ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ ያወጧታል፣ ያጥቧታል፣ ራሷንና ጅራቷን ይገጥሙላታል። አየር ላይ ብትቀመጥ ያ ከባድ እንጨት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ጭቃው ውስጥ አየር ስለሌለ አይበሰብስም፣ አይደርቅም። በዚህ አያያዝ በዚያው በጓንግዶንግ ፎሻን አካባቢ በ1432 እ.ኤ.አ. ተሠራች የምትባል ጀልባ እስከ ዛሬ አለች።

የጣና የደንገል ታንኳ ግን ተቃራኒዋ ናት።

ጣና የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ፣ ለዘመድ ሠርግ ነው። ሐይቁ ዳር ወርጄ ያንን ጉልበት ሳይ ሠርጉ ቀርቶ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ሠሪው ሽማግሌ ናቸው፤ ከነገደ ወይጦ ወገን። «አሰላሙ አለይኩም» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና መልሰው «ከየት ነህ ልጄ?» አሉኝ። ከድሬዳዋ ስላቸው ድንጋዩን በዓይናቸው አመለከቱኝ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ የጣና ሰዎች ናቸው። ጉማሬ ያድኑ፣ ዓሣ ያጠምዱ፣ ደንገል ያጭዱ፣ ታንኳ ይሠሩ ነበር። ከዚህም የተነሳ ጎረቤት ማዕድ የማይጋራቸው፣ የማይጋባቸው ሆነው ብዙ ዘመን አሳልፈዋል። ሐይቁን የተሻገረ መነኩሴ፣ ከዘጌ ቡና የጫነ ነጋዴ፣ ማገዶ ያመጣ ገበሬ ሁሉ እነሱ ባወጡት እጅ ሥራ ላይ ተቀምጦ ነው የተሻገረው። ቺዝማን የሚባለው የእንግሊዝ ቆንስል እንኳ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐይቁን ዞሮ መጽሐፍ የጻፈው በታንኳ እየተመላለሰ ነው። የተሳፋሪውና የሠሪው ክብር ለምን እንዲህ እንደተራራቀ ሳስብ ያመኛል።

ስለ ደንገል ትንሽ ልንገራችሁ፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ሽማግሌው አንዷን ዘንግ በቢላዋ አግድም ቆርጠው ሰጡኝ። ቁራጩ ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። ቅርፊቱ አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ጠንካራ፤ ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ። በጥፍሬ ስጫነው ተመልሶ ይነሳል። ነጩ ነገር በአየር የተሞላ ነው፤ ታንኳን የሚያንሳፍፋት ይህ በቅርፊት የታሸገ አየር ነው። ቅርፊቱ ከተሰበረ ውሃ ይገባና ያ ዘንግ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ችግር ይህ ነው፤ እንዳይፈታ አጥብቀህ ማሰር አለብህ፣ ቅርፊቱን እንዳትሰብር ደግሞ ልክ ማወቅ አለብህ። ያቺ ዓይን የሚያስጨፍነው ግማሽ ስበት እዚህ መሐል ላይ ናት።

ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል። በጣም እርጥብ ከሆነ ታስሮ ሲደርቅ ይሰለስልና ገመዱ ይላላል፤ በጣም ከደረቀ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። መድረሱን ለማወቅ ሽማግሌው ዘንጉን ጎንበስ ያደርጉና ጆሯቸው ዘንድ ያስጠጉታል። የሚሰሙትን እኔ አልሰማሁትም። ሁለቱን ዘንግ ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ወረወሩ፤ የቀኙ ገና ነው።

ሲገነቡ ከመሐል ይጀምራሉ። አንድ ወፍራም እስር መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ይህ የታንኳዋ ጀርባ አጥንት ነው። በግራና በቀኝ ሌላ እስር ይጨመርና ከመሐሉ ጋር ይታሰራል፤ ከዚያ ጎኑን ከፍ የሚያደርጉ ቀጫጭን እስሮች። ፊቷ ላይ ሁሉም እየቀጠኑ ይሰበሰቡና ወደ ላይ ቀና ይላሉ። ድሮ ማሰሪያው ልጥ ነበር፤ አሁን ሲባጎና ላስቲክ ገመድም ይገባበታል። ሽማግሌው ሲባጎውን አይጠሉትም። «ይሄ ቶሎ አይበሰብስም፤ ግን ይንሸራተታል» አሉኝና ሲባጎውን ሲቋጥሩ ከልጡ አንድ ዙር ይጨምሩበታል። አዲሱን ዕቃ የተቀበሉት ባሕርዩን አጥንተው ነው።

ደንገል ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ነው። አሁን የምነግራችሁን በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ አየሁ። ልጃቸው ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው፤ የጎኑን እስር ጨርሶ፣ ቋጥሮ፣ ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ። ለእኔ ያማረ ሥራ ነበር። ሽማግሌው መጥተው እጃቸውን እስሩ ላይ አኖሩና ከጫፍ እስከ ጫፍ አሻሹት፤ የፈረስ ጀርባ እንደሚዳብሱ። ግማሽ መንገድ ላይ እጃቸው ቆመ።

«ፍታው።»

ልጁ ቃል አልተነፈሰም። ቋጠሮውን በጥርሱ አላላና ፈታው።

«አባቴ፣ ምን ጎደለው?» አልኳቸው።

«እጅህን አምጣ» አሉኝና እጄን ይዘው ያቺው ቦታ ላይ አደረጉት። መጀመሪያ ምንም አልታወቀኝም። ደግመው ሲያስኬዱት ግን ተሰማኝ፤ ትንሽ እብጠት፣ ከእሱ ቀጥሎ ትንሽ ጉድጓድ። ሁለት ሥር ጎን ለጎን ገጥሟል። ሥር ከጫፍ፣ ጫፍ ከሥር እየተለዋወጠ ካልተደረደረ እስሩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሳሳል። ገመዱ የሳሳው ላይ አይጠብቅም፤ ውሃ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ልጁ አንዷን ዘንግ መዝዞ ገልብጦ መለሳት። አንዲት ዘንግ። እንደገና ጉልበት፣ ትንፋሽ፣ ስበት፣ ግማሽ ስበት። ሽማግሌው ሁለተኛ ሲዳብሱት እጃቸው ሳይቆም እስከ ጫፍ ሄደ።

ያን ጊዜ ጓንግዶንጉ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ፤ «ጩ–ጩብ» ሲል ያጨማደደው ፊት። እሱ በጆሮው የሚያገኘውን ጉድለት እኚህ በመዳፋቸው ያገኙታል። ቀዛፊዎቹ መሐል አንዱ ሲዘገይ፣ ዘንጎቹ መሐል አንዷ ስትገለበጥ፤ ጉድለቱ በአካል እዚህ ግባ የማይባል ነው። በውሃ ላይ ግን ያው ትንሽ ነገር አቅጣጫ ይቀይራል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ታንኳዋ አለቀች። ውስጧ የምትቀመጥ፣ ተነስታ የምትወጣ ሌላ የደንገል ንጣፍ ሠሩላት። ታንኳ ውሃ አታስገባም ተብሎ አይታሰብም፤ በዘንጎቹ መሐል ይገባል፣ ይወጣል። የምትንሳፈፈው ውሃን ስለዘጋች ሳይሆን ራሷ ከውሃ ስለቀለለች ነው። ስለዚህ ተቀማጩን ከፍ የሚያደርገው ያ ንጣፍ ነው፤ ሲመለሱ ይነሳና ለብቻው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ይህን ሳይ ሠሪው የተቀማጩን ልብስ ሳይቀር እንዳሰበ ገባኝና ደስ አለኝ።

«ውጣባት» አሉኝ።

ከልጃቸው ጋር ወጣሁ። እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ ከሥሬ ትንሽ እንደ አልጋ ሰጠም አለች። ውሃ ፈርቼ ያደግኩ ሰው ነኝና ጭኔ ደነደነ። ልጁ ከኋላ ሆኖ ረጅሙን ዘንግ በግራና በቀኝ እያመላለሰ ይቀዝፋል፤ ለእኔም አንድ ሰጠኝ። አካፋው ላይ የተማርኩትን አመጣሁ። ወገቤን አዞርኩ፣ ትከሻዬን ዘረጋሁ፣ በጀርባዬ ሳብኩ። ታንኳዋ ዞረች። ሁለተኛ ስስብም ዞረች።

«ቀስ በል ወንድሜ፤ እሷ ጉልበት አትፈልግም» አለኝ።

ልክ ነው። የዘንዶዋ ጀልባ ረጅምና ጠባብ ናት፣ ሃያ ሰው በሁለት ጎን ይዟታል፤ የጠነከረ ስበት ቀጥ አድርጎ ያስኬዳታል። ታንኳ ቀላል ናት፣ ከሥሯ ለስላሳ ናት፤ አንድ ሰው አንድ ጎን በኃይል ከመታ ትሽከረከራለች። ስለዚህ ልጁን መስማት ጀመርኩ። ከኋላዬ ስላለ አላየውም፤ ዘንጉ ሲገባ የሚያሰማውን ብቻ እሰማለሁ። እሱ ግራ ሲመታ እኔ ቀኝ። አሥር ጊዜ ያህል ተሳሳትኩ። ከዚያ ድምፁ አንድ ሆነ። ድምፁ አንድ ሲሆን ታንኳዋ መንቀጥቀጧን ተወች፤ ፊቷ ያለችው ቀና ያለች ጫፍ ውሃውን ሳትረብሽ ከፈለችው። ምን ያህል እንደሄድን አላውቅም። ቀና ስል ዳርቻው ርቋል፤ አለመፍራቴን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ባሕር ዳር በጥምቀት ሰሞን የታንኳ ቀዘፋ ውድድር ይደረጋል። ልጁ በዘንጉ እየጠቆመ ስለዚያ አጫወተኝ። ከተወዳዳሪዎቹ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ ዕቃ አመላላሽ አለ፤ በሥራ ቀን የሚቀዝፉበትን ጀርባ በበዓል ቀን ለእሽቅድምድም የሚያመጡ ሰዎች። ሠርተው የሚኖሩበትን ለአንድ ቀን ለደስታ ሲያደርጉት ከጓንግዶንጉ ዓሣ አርቢና ሹፌር ምን ይለያቸዋል? የሚለያቸው አንድ ነገር አየሁ፤ የዚህኛው ተወዳዳሪ ታንኳዋን ራሱ ወይም አባቱ አስሯታል። ስለዚህ ስታዘግም የሚያማው ቀዛፊውን ብቻ አይደለም።

የጣና ደንገል ከዚህም ርቆ ተጉዟል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ፣ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። 12 ቶን ደንገል ወደ ግብፅ ተጭኖ ሄደና ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ከፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለችውን ሠሩ። በግንቦት 1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሳች። አትላንቲክን ብዙ ርቀት ከሄደች በኋላ ግን ኋላዋ እየሰመጠ አስቸገራት፣ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። ምክንያቱን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። በጥንት ግብፅ ሥዕሎች ላይ ከጀልባዋ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ አለ። ጌጥ መስሏቸው ትተውት ነበር። ያ ገመድ ግን ኋላውን ወደ ላይ ይዞ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ነው። በቀጣዩ ዓመት «ራ 2» ስትሠራ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች እጅ፣ 12 ሜትር ሆና፣ ገመዱ ተመለሰ። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ገመዱን ጌጥ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሥዕሉን የሣለው ሰው ግን ሳይተው ሥሎታል፤ የሠሪን እጅ ያየ ሰው ስለነበረ ይመስለኛል። ሄየርዳልን ዓለም ያውቀዋል፤ ያንን 12 ቶን ደንገል ጭቃ ውስጥ ቆመው ያጨዱትን ግን ማን ያስታውሳቸዋል? ታሪኩ ለሽማግሌው አዲስ አልነበረም። «ወስደውት ነበር፤ ሰምቻለሁ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ደንገሉ ራሱ ዛሬ እየራቀ ነው። ዳርቻው ለእርሻ ታርሷል፣ ለመዝናኛ ታጥሯል፤ ከ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን ወርሮታል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሽማግሌው ደንገል ፍለጋ የሚሄዱት መንገድ ግን በዚህ አላጠረም። ልጁ በጎህ ወጥቶ በረፋድ ነው የሚመለሰው። ድሮ ከደጃቸው ያጭዱ ነበር። በሞተር ጀልባ መሻገር የሚመርጠው ሰውም በዝቷል፤ አልፈርድበትም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ እጅ ነው። የቻይናዋ ጀልባ ወደ ስድስት መቶ ዓመት ጭቃ ውስጥ እየተቀበረች ሥራዋን ራሷ ታሳያለች፤ ሠሪው ቢጠፋ ጀልባዋን አይቶ መማር ይቻላል። ታንኳ ግን የጥቂት ወራት ዕድሜ ነው ያላት። ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ ትጠቁራለች፣ ትጣላለች። ሥራው የሚቀመጠው እጅ ውስጥ ብቻ ነው፤ እጁ ሥራ ካጣ አንድ ወቅት ይበቃዋል።

ለዚህም ነው ያቺ «ፍታው» የምትባል ቃል ያልለቀቀችኝ። ለጥቂት ወራት የምትኖር ነገር ናት። አንዲት የተገለበጠች ዘንግ ብትቀር ማን ያውቃል? ዕድሜዋ በሳምንት ቢያጥር ገዢው ለይቶ አይጠይቅም። ሽማግሌው ግን የተቋጠረውን አስፈቱ።

ልነሳ ስል ከዛፍ ሥር የቆመች አሮጌ ታንኳ አየሁ። ከውሃ የወጣች ታንኳ በጫፏ ቆማ ነው የምትንጠፈጠፈው፤ ቻይናዎቹ የእነሱን ከአየር ሲደብቁ እነዚህ የእነሱን ለአየር ይሰጣሉ። ይህች ግን ጊዜዋ አልቋል። ጠቁራለች፣ ጎኗ ላሽቋል። ሽማግሌው ወደ መሬት ጣሏትና ሲባጎውን በቢላዋ ሳይሆን በጣታቸው ይፈቱ ጀመር፤ ለሌላ ይሆናላ። ቋጠሮው አብጦ ደድሯል። በጥፍራቸው ጠርዙን ያዙ፣ ወደ ኋላ ገፋ፣ ከዚያ ሳብ አደረጉት። ተፈታ። ገመዱን በክርናቸውና በመዳፋቸው መሐል እየጠመጠሙ አጠገባቸው አኖሩት። ውጫዊዎቹ ዘንጎች እንደ ረጠበ ጭድ ተንሸራተው ወደቁ።

መሐለኛው እስር ሲከፈት ግን ጎንበስ ብለው አንዲት ዘንግ መዘዙ። በሁለት እጃቸው ሰበሯትና ስባሪዋን ወደ እኔ አቀረቡልኝ። ውስጧ ነጭ ነበር። በጥፍሬ ጫንኩት፤ ተመልሶ ተነሳ። አንድ ወቅት ሙሉ ውሃ ላይ ከርማ፣ ደረቅ።

ሽማግሌው ምንም አላሉም። ስባሪዋን እጄ ላይ ትተው ወደ አዲሱ እስር ተመለሱና ጉልበታቸውን አስቀደሙ።